የዕለት ጉርስ፣ ኡስታዝ እና ኪታብ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና የእነርሱን ፈለግ በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች! የእስልምናን የዕውቀት ታሪክ ስናወሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከፍሬው ነው። እገሌ የተባሉ ዐሊም ይህን ያህል ኪታብ ጻፉ፣ ይህን ያህል ሐዲስ በቃላቸው ያዙ፣ ከሩቅ አገር ሰዎች እየመጡ ተማሩባቸው እንላለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ እናልፋለን። እኚህ ዐሊም ልጅ ሳሉ ማን አበላቸው? ማን እጃቸውን ይዞ ኡስታዝ ዘንድ አደረሳቸው? መግዣ በሌላቸው ጊዜ ኪታቡን ከየት አገኙት?

ከታላላቆቹ ዑለማእ መካከል ስንቶቹ የቲሞች፣ ስንቶቹ የድሃ ልጆች እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን ይረዳል። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው ይህንኑ ነው። ቀደምቶቻችን ረዳት የሌለውን ልጅ ለዕውቀት ያበቁበትን መንገድ፣ ያ መንገድ እንዴት ይሠራ እንደነበረና በምን ምክንያት እንደተዳከመ እንመለከታለን። በመጨረሻም ለዛሬዎቹ ልጆቻችን ምን እንደሚነግረን እንጠይቃለን።

ከመዲና የጀመረ መንገድ

በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ የኋላ ክፍል አንድ ጥላ ያለው ሥፍራ ነበር። ሱፋ ይባላል። ቤትም፣ ሀብትም፣ ዘመድም ያልነበራቸው ሶሐቦች ያድሩበት ነበር። ሰደቃ ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እነርሱ ይልኩ ነበር፤ ስጦታ ሲመጣ ደግሞ አብረዋቸው ይካፈሉ ነበር። ሱፋ ግን የተቸገሩ ሰዎች የሚጠለሉበት ቦታ ብቻ አልነበረም። ቁርአን የሚቀራበት፣ ዲን የሚማሩበት ሥፍራም ነበር። በረሃብ ምክንያት ሆዳቸው ላይ ድንጋይ እስከማሰር ይደርሱ የነበሩት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከሱፋ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በኋላም ከሶሐቦች ሁሉ ይበልጥ ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉት እርሳቸው ሆኑ።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) ከበድር ዘመቻ በኋላ የሆነውም የታወቀ ነው። ከምርኮኞቹ መካከል ቤዛ የሚከፍሉበት ገንዘብ የሌላቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የታሪክ ዘጋቢዎች እንደሚነግሩን እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን መጻፍ አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደረገ። ገና በረሃብና በጦርነት መካከል የነበረ ማኅበረሰብ የልጆቹን ፊደል ማወቅ ከገንዘብ ጋር እኩል አስቦት ነበር ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኩፋ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በኋላ አቡ ዩሱፍ ተብለው የታወቁት ያዕቁብ ኢብኑ ኢብራሂም ከድሃ ቤት የተወለዱ ነበሩ። ቤተሰባቸው ከትምህርት ይልቅ ሠርተው ገንዘብ እንዲያመጡ ስለፈለገ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ደርስ ቀሩ። ኢማም አቡ ሐኒፋ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ተማሪያቸው መቅረቱን አስተዋሉ፣ ጠየቁ፣ ምክንያቱንም አወቁ። ተማሪው ሲመለስ፣ ደርሱ አልቆ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ 100 ዲርሀም ያለበት ከረጢት ሰጡትና ሲያልቅ እንዲነግራቸው አዘዙት። ይሁን እንጂ ሲያልቅ መናገር አላስፈለገም። ከማለቁ በፊት ሌላ ይደርሰው ነበርና።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ኢማሙ ገንዘብ መስጠታቸው አንድ ነገር ነው። መቅረቱን ማስተዋላቸው ግን ከገንዘቡ ይበልጣል። በሰው ፊት አለመስጠታቸው፣ ተማሪው ሳይለምን መስጠታቸው፣ የልጁን ክብር ጠበቀለት። ያ ሊቀር የነበረ ተማሪ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ቃዲል ቁዳት፣ ማለትም የቃዲዎች ሁሉ የበላይ ለመሆን በቃ።

ሆኖም ኢማም አቡ ሐኒፋ አንድ ሰው ናቸው። አንድ ደግ ሰው ሲሞት ደግነቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሙስሊሞች ቀስ በቀስ ይህን ደግነት ወደ ሥርዓት ለወጡት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአንደሉሱ ኸሊፋ አል-ሐከም 2ኛው (እ.ኤ.አ. 961–976 የገዙት) በቁርጡባ ለድሆች ልጆች 27 ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ። 3ቱ በታላቁ መስጂድ ዙሪያ፣ 24ቱ ደግሞ በከተማይቱ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ነበሩ። ለመምህራኑ ደመወዝ ይከፈል ስለነበረ የድሃው ልጅ ምንም ሳይከፍል ይማር ነበር። በሞሱል ከተማም ጃዕፈር ኢብኑ ሐምዳን የተባሉ ዐሊም (እ.ኤ.አ. በ935 የሞቱ) ለዕውቀት ፈላጊ ሁሉ ክፍት የሆነ የመጻሕፍት ቤት አቋቁመው ነበር። ድሃ ሆኖ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ወረቀትና ገንዘብ ይሰጡት ነበር።

የካይሮው የቲም

አሁን ወደ አንድ ልጅ ታሪክ እንግባ። አሕመድ ይባላል። በ773 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1372) በግብፅ ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። አባቱም በ777 ዓመተ ሂጅራ፣ ልጁ 4 ዓመት ሊሞላው ሲል ሞቱ። ይህ ልጅ በኋላ ኢማም ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ረሒመሁላህ) ተብለው ዓለም ያወቃቸው፣ የሶሒሕ አል-ቡኻሪን ታላቅ ማብራሪያ ፈትሑል ባሪን የጻፉት ናቸው።

ኢብኑ ሐጀር የለየላቸው ድሃ አልነበሩም። አባታቸው ነጋዴና የዕውቀት ሰው ስለነበሩ ቅርስ ትተውላቸዋል። ነገር ግን የ4 ዓመት ልጅ ቅርስ ቢኖረው ምን ያደርጋል? የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ገንዘቡም ይጠፋል፣ እርሱም ይጠፋል። አባታቸው ከመሞታቸው በፊት ይህን አስበው ለልጃቸው አሳዳጊዎችን መርጠው ነበር። አንደኛው ዘኪዩዲን አል-ኸሩቢ የተባሉ፣ በቀይ ባሕር በኩል በቅመማ ቅመም የሚነግዱት የካሪሚ ነጋዴዎች አለቃ ነበሩ። እኚህ ሀብታም ነጋዴ ልጁን በ5 ዓመቱ መክተብ አስገቡት። በ9 ዓመቱ ቁርአንን ሐፈዘ። በ784 ዓመተ ሂጅራ ወደ መካ ሲሄዱም ይዘውት ሄዱ። በቀጣዩ ረመዳን ልጁ በ12 ዓመቱ መካ ላይ ተራዊሕ አሰገደ።

በቤት ውስጥም ሌላ ሰው ነበረች። ታላቅ እህታቸው ሲት አር-ረክብ ማንበብና መጻፍ የምትችል፣ አስተዋይ ሴት ነበረች። ኢብኑ ሐጀር እናታቸውን ካጡ በኋላ እናት የሆነችላቸው እርሷ እንደነበረች መስክረዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች የነጋዴውን ስም አስፍተው ጽፈዋል፤ የእህቲቱ ድካም ግን በአንድ ሁለት መስመር ያልፋል። የቲም ባለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለች እህት ወይም አያት እንዳለች ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው።

በ787 ዓመተ ሂጅራ አል-ኸሩቢ ሞቱ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የኢብኑ ሐጀር ተማሪ የነበሩት ሰኻዊ እንደሚተርኩት፣ ያ ጎበዝ ልጅ ለ3 ዓመታት ያህል ከትምህርት ቀዘቀዘ። የጭንቅላት ችግር አልነበረበትም። የገንዘብ ችግርም አልነበረበትም። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ «ተማር» ብሎ የሚገፋፋው ሰው አልነበረም። 17 ዓመት ሲሆነው ሌላኛው አሳዳጊ፣ ሸምሱዲን ኢብኑል ቀጣን፣ እንደገና ወደ ደርስ መለሱት። ከ796 ዓመተ ሂጅራ ጀምሮ ደግሞ ከታላቁ የሐዲስ ዐሊም ከዘይኑዲን አል-ዒራቂ ጋር ተቆራኝቶ 10 ዓመታት ያህል ተማረ።

የነዚያን 3 ዓመታት ነገር አስቡት። ያ ክፍተት 3 ዓመት መሆኑ ቀርቶ ዕድሜ ልክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፈትሑል ባሪ የሚባል ኪታብ ባልኖረን ነበር። ኪታቡ ከ817 እስከ 842 ዓመተ ሂጅራ፣ 25 ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። ሲጠናቀቅም ከካይሮ ወጣ ብሎ 500 ዲናር የወጣበት ግብዣ ተደርጎ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ አገር የሚቀርብ አንድ ነገርም አለ። መምህራቸው አል-ዒራቂ በወጣትነታቸው የኪታብ ጓደኛቸው ከአፍሪካ ቀንድ ከዘይላዕ የሚመዘዙት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (እ.ኤ.አ. በ1360 የሞቱ) ነበሩ። ሁለቱ የሐዲስ ኪታቦችን አብረው እያነበቡ፣ አንዱ ለሌላው የሚፈልገውን ሐዲስ እያመለከተ ይሠሩ ነበር። ይህን የዘገቡልን ኢብኑ ሐጀር ራሳቸው ከመምህራቸው ሰምተው ነው። የዘይለዒን ነስቡር ራያ የተባለ ኪታብም አሳጥረው ጽፈውታል።

ከታች ውሃ፣ ከላይ ሎህ

ኢብኑ ሐጀር ሀብታም አሳዳጊ ነበራቸው። ሀብታም አሳዳጊ የሌለው ልጅስ?

ለዚህ ካይሮ የራሷ መልስ ነበራት። ተጓዡ ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ካይሮን ሲጎበኙ፣ ሱልጣን ሰላሑዲን ለድሆች ልጆችና ለየቲሞች ቁርአን የሚያስተምሩ መምህራንን አቁመው ደመወዝ እንደሚከፍሏቸው ጽፈዋል። በቀጣዩ ዓመት ደማስቆ ሲደርሱም ብዙ ወቅፍ ያለው ትልቅ የየቲሞች ትምህርት ቤት አይተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት የመምሉክ ሱልጣኖች፣ አሚሮች፣ ነጋዴዎችና ሀብታም ሴቶች መስጂድ ወይም መድረሳ ሲሠሩ አጠገቡ የየቲሞች መክተብ መሥራትን ልማድ አደረጉት።

የእነዚህን መክተቦች አሠራር እስከ ዛሬ በካይሮ ቆመው ከሚታዩት ሕንፃዎች መረዳት ይቻላል። ሱልጣን ቃይትባይ እ.ኤ.አ. በ1479 ያሠሩት ሰቢልና መክተብ፣ ዐብዱረሕማን ከትኹዳ እ.ኤ.አ. በ1744 ያሠሩትም እንደዚሁ፣ ሁለት ፎቅ ናቸው። ከታች ሰቢል አለ፤ መንገደኛ ሁሉ ያለ ክፍያ ውሃ የሚጠጣበት። ከላይ ደግሞ አየር የሚገባበት መክተብ አለ፤ ልጆች ሎሃቸውን ይዘው የሚቀሩበት። በሙቀት የመጣ ሰው ውሃውን ሲጠጣ የልጆቹን የቁርአን ድምፅ ይሰማል። ለሠሪው ዱዓ ያደርጋል። የቲሞቹ ከከተማው ዓይን አልተደበቁም፤ በጎዳናው መካከል ከፍ ብለው ተቀምጠዋል።

የወቅፍ ሰነዶቹ ዝርዝር ደግሞ ያስገርማል። ለየቲሞቹ በየቀኑ ዳቦ፣ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ፣ ለበጋና ለክረምት የተለያየ ልብስ ይመደባል። ሎህ፣ ቀለምና ብዕር ይመደባል። መምህሩ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ይጻፋል፤ ቁርአንን ያወቀ፣ ጠባዩ የተመሰከረለት፣ ለልጆች የሚራራ። ከሥሩም ዐሪፍ የሚባል ረዳት ይኖረዋል። ልጁ እስከ ጉልምስና መዳረሻ ይቆያል፤ ሲወጣ ቦታው ለሌላ የቲም ይሰጣል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው ለዘላለም ከተወቀፉ ሱቆች፣ ቤቶችና እርሻዎች ኪራይ ነበር። ባለሀብቱ ዛሬ ደስ ቢለው ባይለው፣ ቢኖር ቢሞት፣ የልጁ ዳቦ አይቋረጥም። ሰደቀቱን ጃሪያ ማለት በተግባር ይህ ነው።

ከመክተብ አልፎ መድረሳ ለገባው ወጣት ደግሞ ሙዒድ የሚባል ሰው ነበር። ሙዒድ ማለት ደጋሚ ማለት ነው። ዋናው ሸይኽ ደርሱን ሰጥተው ሲነሡ ሙዒዱ ይቀመጥና ያልገባቸውን ተማሪዎች ይዞ ደርሱን ይደግምላቸዋል። ራሱ ከእነርሱ ጥቂት ዓመት ብቻ የቀደመ ስለሆነ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ያውቃል። ይህ በነፃ ፈቃድ የሚደረግ ትብብር ብቻ አልነበረም፤ በወቅፉ ሰነድ ላይ ደመወዝ የተመደበለት ሥራ ነበር። ደካማው ተማሪ እንዳይቀር ገንዘብ ይመደብ ነበር ማለት ነው።

4 ሺህ ጥራዞች

ኪታብ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ዋጋው ከባድ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም የመጻሕፍት ቤት፣ ከሌለ ዳቦውም መምህሩም በቂ አይሆኑም። በካይሮ ከነበሩት የመድረሳ መጻሕፍት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥሩ የመሕሙዲያ መድረሳ ነበር። በ797 ዓመተ ሂጅራ የተሠራ ሲሆን 4 ሺህ ያህል ጥራዞች ነበሩት። ወቅፍ ያደረጉት ሰው ማንኛውም ኪታብ ከመድረሳው እንዳይወጣ የሚል ጽኑ ሸርጥ አስቀምጠው ነበር።

ሸርጡ ግን አልተከበረም። ኪታቦቹ በተቆጠሩ ጊዜ ከ10 እጅ አንዱ፣ ማለትም 400 ያህል፣ ጎድለው ተገኙ። ጠባቂው ከኃላፊነቱ ተነሣ። በእርሱ ቦታ በ826 ዓመተ ሂጅራ የተተኩት ኢብኑ ሐጀር ነበሩ። በዘመናቸው ከሐዲስ ዑለማእ ቀዳሚ የነበሩ ሰው የመጻሕፍት ጠባቂነትን አልናቁትም። ይልቁንም ሁለት ማውጫ አዘጋጁለት፤ አንዱ በፊደል ቅደም ተከተል፣ ሌላው በዕውቀት ዘርፍ። አንድ ተማሪ የኪታቡን ስም ቢያውቅም፣ ርዕሰ ጉዳዩን ብቻ ቢያውቅም፣ የሚፈልገውን እንዲያገኝ። ያ የቲም አድጎ ለሌሎች ልጆች በር ከፋች ሆነ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢም (እ.ኤ.አ. 1445–1505) ገና 5 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳሉ አባታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ። ሐበሾችን የሚያወድስ ኪታብ የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። ሱዩጢ ስለዚሁ የመሕሙዲያ መጻሕፍት ቤት አንድ አነስተኛ ድርሳን ጽፈዋል። ጥያቄው ይህ ነበር። ወቅፍ አድራጊው «አይውጣ» ካለ፣ ለጥናት የሚፈልገው ዐሊም ወደ ቤቱ ሊወስደው ይችላል ወይስ አይችልም? ሱዩጢ የወቅፉ ዓላማ ጥቅም መሆኑን አስታውሰው፣ ኪታቡ የሚጠበቅ እስከሆነ ድረስ የሚፈቀድበት መንገድ እንዳለ ተከራከሩ።

ይህ ክርክር የጥንት ብቻ አይደለም። መጻሕፍት ቤት ያለው ተቋም ሁሉ ዛሬም ይገጥመዋል። ኪታቡን ቆልፈህ ብታስቀምጠው አይጠፋም፤ ግን አይነበብም። ለሁሉ ብትሰጠው ይነበባል፤ ግን ይጠፋል። ቀደምቶቹ አንደኛውን መርጠው ሌላውን አልጣሉትም። ቆጠሩ፣ ማውጫ ሠሩ፣ አማናውን የሚሸከም ሰው መደቡ፣ ከዚያም የሚከፈትበትን መንገድ ፈለጉ።

የጀበርት ሪዋቅ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በአል-አዝሀር መስጂድ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ በሚባሉ ክፍሎች ይኖሩ ነበር። የመግሪብ ሰዎች፣ የሻም ሰዎች፣ የቱርክ ሰዎች የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች እንኳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዑስማን ከትኹዳ የራሳቸውን ዛዊያ ሠርተውላቸዋል። ከእኛ አካባቢ፣ ከዘይላዕና ከሐበሻ ምድር፣ ለሚሄዱት ደግሞ ሪዋቀል ጀበርት ነበረላቸው። ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ፣ ገንዘቡ አልቆ ካይሮ የሚደርስ ደረሳ በዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፣ መኝታና የዕለት ዳቦ ያገኝ ነበር።

በ10ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ መጀመሪያ ዐብዱረሕማን የተባሉ ሸይኽ ከጀበርት ምድር ካይሮ ገብተው የዚህ ሪዋቅ ኃላፊ ሆኑ። ኃላፊነቱም በዘራቸው ቀጠለ። ከዚህ ቤተሰብ ሐሰን አል-ጀበርቲ እ.ኤ.አ. በ1698 ተወለዱ። አንድ ወር ሲሞላቸው አባታቸው ሞቱ። አያታቸው አሳደጓቸው። ከሸሪዓ ዕውቀት አልፈው በሒሳብና በከዋክብት ጥናት ስማቸው የተጠራ ሆኑ። የኦቶማኑ ሹም አሕመድ ፓሻ በ1740ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ሲመጣ የሒሳብ ዕውቀት ያለው ዐሊም ፈልጎ በአዝሀር ሊያገኝ ባልቻለ ጊዜ፣ የተጠቆመው ወደ እርሳቸው ነበር።

ልጃቸው፣ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825)፣ ስለ አባታቸው ቤት አንድ ነገር ዘግበውልናል። ሸይኽ ሐሰን በቤታቸው ውስጥ አንድ ቦታ ለይተው በአዝሀር የሚቀሩትን ኪታቦች ቅጂዎች አስቀምጠው ነበር። ተማሪዎች እየመጡ ሳያስፈቅዱ ወስደው ያነባሉ፣ ይገለብጣሉ። አንዳንዱ ይመልሳል። አንዳንዱ አይመልስም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ኪታቦች ጠፍተዋል፣ ተበላሽተዋል። ሸይኹ ግን ቦታውን አልዘጉትም።

እንግዲህ የአንድ ወር ልጅ ሳሉ አባታቸውን ያጡት የሐበሻ ዘር ያላቸው ዐሊም፣ ዛሬ በየከተማው እናቋቁም የምንለውን ነፃ የመጻሕፍት ቤት ከ250 ዓመት በፊት በቤታቸው ከፍተው ነበር ማለት ነው።

ምን አዳከመው?

ይህ ሥርዓት ለምን አልቆየም ብለን ካልጠየቅን ታሪክ ማውራታችን ለመኩራራት ብቻ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ከውስጥ ነበር። ወቅፍን የሚቆጣጠሩት ናዚሮች መካከል አማናውን የበሉ ነበሩ። ሱቁ ይከራያል፤ ገንዘቡ የቲሙ ዘንድ አይደርስም። ጣሪያው ሲፈርስ የሚያድሰው አይገኝም። ኪታቡ ከመደርደሪያው ወጥቶ ገበያ ላይ ይታያል።

ሌላው ምክንያት ከላይ የመጣ ነበር። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዐሊ ከእ.ኤ.አ. 1809 ጀምሮ በወቅፍ መሬቶች ላይ ግብር ጣለ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም መሬቶቹን ወደ መንግሥት አዛወረ። ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በዚህ ምክንያት መስጂዶችና መክተቦች ሲዳከሙ በዓይናቸው አይተው መዝግበዋል። ለዘላለም የታሰበው ገቢ ሲነካ የልጁ ዳቦ፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የኪታቡ ጥገና አንድ ላይ ቆሙ።

ሌላም መባል ያለበት አለ። በመክተቦቹ የተቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሴቶች የተማሩት ዕድል ሲያገኙ በቤታቸው ነበር። ዕድሉን ያገኙት ምን እንደሠሩ ደግሞ የኢብኑ ሐጀር ባለቤት ኡንስ ኻቱን ምስክር ናቸው፤ ሐዲስ ተምረው ሐዲስ አስተምረዋል። ስንት ኡንስ ኻቱኖች ዕድሉን ሳያገኙ እንደቀሩ አላህ ያውቃል።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የተከበራችሁ ተከታታዮቻችን! የአገራችን ሙስሊም ይህን መንገድ አያውቀውም ማለት አይደለም። በወሎ በዳና፣ በጌታ፣ በጃማ ንጉሥና በሌሎችም የቂርአት ቦታዎች ከሩቅ የመጣውን ደረሳ ሸይኾቻችን ከማዕዳቸው አብልተው፣ የአካባቢው ገበሬም ካለው ላይ ቆርሶ አስተምረዋል። ደረሳው የሚቀራውን ኪታብ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ነባር ደረሳ ለአዲሱ ያስቀራው ነበር። ሙዒድ የሚለውን ስም ባንጠቀምበትም ሥራውን እናውቀዋለን።

ዛሬ ግን እርዳታችን በአብዛኛው ወቅታዊ ሆኗል። በረመዳን ዘይትና ዱቄት እናከፋፍላለን፣ መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ እንሰጣለን። አላህ ይቀበለን። ነገር ግን በጥቅምት ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ማን ያስተውላል? ኢማም አቡ ሐኒፋ መጀመሪያ ያደረጉት መስጠት አልነበረም፤ መቅረቱን ማወቅ ነበር። ኢብኑ ሐጀር ያንን 3 ዓመት ያጡት ዳቦ አጥተው አልነበረም፤ የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን አንድ ጀማዓ ሊያደርገው የሚችለውን እንናገር። በየመስጂዱ አካባቢ ያሉ የቲሞችና የችግረኛ ልጆች በስም ይታወቁ። ወንዶቹም ሴቶቹም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ወይም ሥራ የያዘ ወጣት ሁለት ልጆችን ይያዝ፤ በሳምንት አንድ ቀን የከበዳቸውን ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ይድገምላቸው። ጡረታ የወጡ መምህራን በየሰፈራችን አሉ፤ ልምዳቸውን እንጠይቃቸው። በመስጂዱ ግቢ አንድ ክፍል ይለይ፤ የዲን ኪታብ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ጎን ይቀመጥበት፤ ቤቱ መብራትና ጠረጴዛ ለሌለው ልጅ እስከ ዒሻእ ድረስ ክፍት ይሁን። የሚመዘግብና የሚቆጥር ሰው ይመደብ። ነጋዴዎቻችን ደግሞ የአንዷን ሱቅ ኪራይ ለዚህ ሥራ ይለዩ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ጥቂት ገንዘብ ለልጁ ይበጀዋል። የገቢና የወጪው ሒሳብም ለጀማዓው በግልጽ ይነገር። ወቅፍን የገደለው የድህነት ብዛት አልነበረም፤ የአማና ማነስ ነበር።

ኪታብ ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ። ጥቂቱ ይጠፋል። ከሸይኽ ሐሰን ቤትም ጠፍቷል። ነገር ግን የጠፋ ኪታብ ዋጋው ይታወቃል። ኪታብ አጥቶ የጠፋ ልጅ ዋጋ ግን አይታወቅም። በየሰፈራችን ሎህ ይዞ ከሚሮጠው፣ ወይም ጫማ በመጥረግ ላይ ካለው ልጅ መካከል ኢብኑ ሐጀር ማን እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለንም። ስለማናውቅም ሁሉንም ልንይዛቸው ግድ ይለናል።

አላህ (ሱ.ወ) ለየቲሞች አሳዳጊ፣ ለዕውቀት ፈላጊዎች ረዳት ያድርገን። የሰጠነውን ይቀበለን፣ አማናችንን እንድንጠብቅም ያግዘን።